የ1897ቱ የራግቢ ዋንጫ ፍጻሜ 10 ለ 3 ነው፤ በዛሬው ሕግ አይደመርም

ጥያቄ፦ «የምኖረው በእንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ለማኅበራችን መጽሔት ስለ መጀመሪያው የራግቢ ሊግ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ በአማርኛ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ያነበብኩት ዘገባ በፍጻሜው ባትሊ ሁለት ትራይና አንድ ድሮፕ ጎል፣ ሴንት ሄለንስ ደግሞ አንድ ትራይ ብቻ እንዳስቆጠሩ ይገልጻል። በማውቀው ሕግ ስደምረው 9 ለ 4 ይመጣል፤ በመዝገብ የሰፈረው ግን 10 ለ 3 ነው። ስሕተቱ ከየት መጣ? ውድድሩን 13 ለ 13 የተጫወቱ ፕሮፌሽናሎች የመጀመሪያ ዋንጫ ብዬ ልግለጸው? ባትሊንስ የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ማለት እችላለሁ? አንድ ወዳጄ ደግሞ ትንሽ ከተማ በአጋጣሚ ያገኘችው ድል ነው ይለኛል።»

ምላሽ፦ መዝገቡ አልተሳሳተም፤ እርስዎም በመደመሩ አልተሳሳቱም። ስሕተቱ በዛሬው ቁና የ1897ን እህል መስፈርዎ ነው። በዚያ ዓመት ትራይ፣ ማለትም ኳሱን ከተጋጣሚ የግብ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት፣ 3 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ድሮፕ ጎል፣ ማለትም ጨዋታው ሳይቆም ኳሱን ከእጅ ለቆ መሬት ነክቶ ሲነሣ በእግር መትቶ ከአግዳሚው በላይ ማሳለፍ፣ 4 ነጥብ ነበረው። ባትሊ በሁለት ትራይ 6፣ በአንድ ድሮፕ ጎል 4፣ በድምሩ 10 አገኘ። ሴንት ሄለንስ በአንድ ትራይ 3 አገኘ። ትራይ ያስቆጠረ ቡድን የሚያገኘው ተጨማሪ ምት ግብ ሲሆን 2 ነጥብ ይጨምር ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ከሦስቱ ትራዮች በአንዱም ላይ ይህ ጭማሪ አልተገኘም። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዛሬ ትራይ 4፣ ድሮፕ ጎል በመደበኛው 1 ነጥብ ስለሆነ የእርስዎ 9 ለ 4 ከዚያ የመጣ ነው። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከፍጻሜው ጥቂት ወራት በኋላ፣ ለ1897–98 የውድድር ዘመን፣ ማንኛውም ግብ በምንም ዓይነት ምት ቢቆጠር 2 ነጥብ ብቻ እንዲያስገኝ ተወሰነ። ያው ጨዋታ በዚያው ዓመት መጸው ላይ ቢደረግ ኖሮ 8 ለ 3 ተብሎ ይመዘገብ ነበር። አንድ ጨዋታ በሦስት ሕግ ሦስት ውጤት አለው፤ እውነተኛው ግን በዕለቱ ዳኛው የፈረደበት 10 ለ 3 ነው። ጽሑፍዎ ላይ «በዛሬው ስሌት» እያሉ ሌላ ቁጥር አያስገቡ። ተጫዋቾቹ የትኛውን ምት እንደሚሞክሩ የሚወስኑት የዚያን ቀን ዋጋውን አይተው ነው። ድሮፕ ጎል ከትራይ በሚበልጥበት ጨዋታ ሰው ወደ ግቡ ቀረብ ሲል ለመምታት ይቸኩላል፤ ዋጋው ወደ 1 በወረደበት ጨዋታ ግን በጥብቅ ፉክክር መጨረሻ ላይ ካልሆነ ብዙም አይሞክረውም።

ድሮፕ ጎል ያን ያህል ለምን ከበረ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። በጥንቱ ራግቢ ጨዋታን የሚወስነው በእግር የሚቆጠረው ግብ ነበር፤ ትራይ ወደ ግብ ለመምታት መብት ከመስጠት ያለፈ ዋጋ አልነበረውም። ሁሉም ነገር በነጥብ መቆጠር ከጀመረ በኋላም የእግሩ ክብር ለረጅም ጊዜ ቆየ። የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ግን በበር ገቢ የሚተዳደሩ ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኛው በቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍቱ ሳንቲሙን ከፍሎ የሚገባው ሩጫና ቅብብል ለማየት ነው። የግቡን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ትራይን ከፍ ማድረግ ተጫዋቹን ወደ ሩጫ የሚገፋ ውሳኔ ነበር፤ የዛሬው ራግቢ ሊግ መልክ የተጀመረውም ከዚህ ዓይነት ተከታታይ ውሳኔዎች ነው። የ1897ቱ ፍጻሜ የተካሄደው ግን በዚህ የለውጥ ደጃፍ ላይ፣ ገና በአሮጌው ሕግ ነበር።

«13 ለ 13» የሚለውን ከጽሑፍዎ ያውጡት። በእያንዳንዱ ወገን 15 ተጫዋቾች ነበሩ። ቁጥሩ ወደ 13 የወረደው በ1906 ነው። የተያዘ ተጫዋች ተነሥቶ ኳሱን በእግሩ ወደ ኋላ የሚያሳልፍበት፣ ዛሬ ራግቢ ሊግን ከሩቅ የሚያስለየው ሥርዓትም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። ኳስ ከሜዳው ጎን ሲወጣ ሁለቱ ቡድኖች በረድፍ ቆመው የሚሻሙበት ላይን አውት ራሱ የቀረው ከዚያ ፍጻሜ በኋላ፣ ከ1897–98 ጀምሮ ነው። በአጭሩ ፍጻሜው በተካሄደበት በሊድሱ ሄዲንግሊ ሜዳ የታየው ጨዋታ ለዛሬ ዓይን ከራግቢ ሊግ ይልቅ ሌላውን የራግቢ ዓይነት፣ ራግቢ ዩኒየንን፣ ይመስል ነበር። ሁለቱ የተለያዩት መጀመሪያ በሕግ አይደለም፤ በገንዘብ ነው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ጥያቄዎ ውስጥ ትልቁ መሳሳት ያለው እዚህ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን «ደመወዝ የፈለጉ ወጡ፣ አማተሮቹ ቀሩ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ይዘጋዋል። እንዲህ አልነበረም። የዮርክሻየርና የላንካሻየር ተጫዋቾች አብዛኞቹ የማዕድን፣ የሽመና፣ የመስታወትና የብረት ሥራ ሠራተኞች ነበሩ። ሩቅ ቦታ ለመጫወት ቅዳሜ ጠዋት ወይም በሥራ ቀን መሄድ ካለባቸው የዚያ ቀን ደመወዛቸው ይቆረጣል። ከደቡብ የመጣው የሕግ ባለሙያ ወይም የመሬት ባለቤት ልጅ ግን ይህ ችግር አልነበረበትም። ክለቦቹ የጠየቁት የመጫወቻ ደመወዝ ሳይሆን ሠራተኛው በጨዋታ ምክንያት ያጣውን የቀን ሒሳብ እንዲካስ ነው። የዮርክሻየር ተወካዮች ይህን ሐሳብ መስከረም 1893 ለንደን በተደረገው፣ ያኔ ጨዋታውን ይመራ በነበረው ማኅበር፣ በራግቢ ዩኒየን ጉባኤ አቀረቡ፤ 282 ለ 136 በሆነ ድምፅ ተሸነፉ። ይህ ቁጥር በጽሑፍዎ ቦታ ሊያገኝ ይገባል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው መለያየት ድንገት የፈነዳ ቁጣ እንዳልነበረ ያሳያልና።

መለያየቱ የተፈጸመው ነሐሴ መጨረሻ፣ ኦገስት 29 ቀን 1895፣ ሀደርስፊልድ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው ጆርጅ ሆቴል ነው። የሰሜኑ ክለቦች በዚያ ተሰብስበው ከራግቢ ዩኒየን መውጣታቸውን አስታወቁና ኖርዘርን ዩኒየን የሚባለውን የራሳቸውን ኅብረት መሠረቱ። የመጀመሪያውን የውድድር ዘመን በ22 ክለቦች ጀመሩ፤ ባትሊም ሴንት ሄለንስም ከእነዚህ መሥራቾች ውስጥ ናቸው። የተፈቀደው ክፍያ በቀን 6 ሽልንግ ነበር፤ ከዚያ በላይ መክፈል ክልክል ነው። ግልጽ ፕሮፌሽናልነት የተፈቀደው በ1898 ነው፤ ያኔም ቢሆን ተጫዋቹ ከራግቢ ውጪ እውነተኛ መተዳደሪያ ሥራ ሊኖረው ግድ ነበር። ይህ የሥራ ግዴታ የተነሣው በ1905 ነው። ስለዚህ በ1897 ዋንጫውን ያነሡት ሰዎች ሰኞ ጠዋት ወደ ፋብሪካቸው የሚመለሱ ሠራተኞች ነበሩ። «ፕሮፌሽናሎች» ብለው ከጻፉ የታገሉለትን ነገር ይገለብጡባቸዋል። «ላጡት የሥራ ቀን ካሳ የሚከፈላቸው ሠራተኞች» ይበሉ፤ ረዘም ቢልም እውነቱ እሱ ነው።

ስድስት ሽልንግ ትንሽ መስሎ እንዳይታይዎ አንድ ሒሳብ ላሳይዎ። ለ15 ተጫዋቾች 90 ሽልንግ፣ ማለትም 4 ፓውንድ ተኩል ይሆናል። በላዩ የባቡር ክፍያው አለ። አንድ ክለብ በ1895–96 የተጫወተው 42 የሊግ ጨዋታ ነው፤ ግማሹ ከሜዳው ውጪ፣ ከዚያም ብዙው ዮርክሻየርንና ላንካሻየርን ከሚለዩት ከፔናይን ተራሮች ማዶ ነው። የክለብ ገንዘብ ያዥ ሲጨነቅ የሚያድረው ለዚህ ነበር። በሚቀጥለው ዘመን፣ በ1896–97፣ አንድ የነበረው ሊግ ለሁለት ተከፈለ፤ የዮርክሻየር ክለቦች በዮርክሻየር፣ የላንካሻየሮቹ በላንካሻየር መጫወት ጀመሩ። ጉዞው አጠረ፣ ወጪው ቀነሰ። ተመልካቹ ከሁሉ አብልጦ የሚጓጓለት የሁለቱ አውራጃዎች ፉክክር ግን ከሊጉ ውስጥ ጠፋ።

ቻሌንጅ ካፕ የሚባለው ይህ ዋንጫ የተወለደው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ዋንጫውን ከሊጉ ጎን የተቀመጠ ጌጥ አድርገው ያዩታል፤ እኔ ግን በዚያ ዘመን ዋንጫው የኅብረቱ የጀርባ አጥንት ነበር ባይ ነኝ። ከ1896–97 ጀምሮ ሁሉንም የሊግ ክለቦች የሚያገናኝ አንድ ሊግ አልነበረም፤ በ1901–02 ምርጥ ክለቦች ተሰባስበው አዲስ ሊግ እስኪመሠርቱ ድረስ ዮርክሻየርን ከላንካሻየር በይፋ ፉክክር የሚያጋጥመው ትልቁ መድረክ ይህ ዋንጫ ብቻ ነበር። ከ50 በላይ ክለቦች ገቡበት፤ ከትልልቆቹ ጋር የመንደርና የሠፈር ቡድኖችም በእጣ ተቀላቀሉ። ውድድሩ ዓመቱን ሙሉ የሚጎተት አልነበረም። በጸደይ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ተጨምቆ የሚካሄድ ስለነበር ጉጉቱ ሳይቀዘቅዝ ወደ ፍጻሜው ይደርሳል።

የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለሰሜኑ ሕዝብ እንግዳ አልነበረም። የዮርክሻየር ዋንጫ ከ1877 ጀምሮ ይካሄድ ነበር፤ ከተማ ከከተማ የሚያፋጥጠው ይህ ውድድር ነው በዮርክሻየር ራግቢን የሕዝብ ጨዋታ ያደረገው። የራግቢ ዩኒየን መሪዎች ግን ዋንጫንና ሊግን በጥርጣሬ ያዩ ነበር። ዋንጫ ሕዝብ ይሰበስባል፣ ሕዝብ ገንዘብ ያመጣል፣ ገንዘብ ደግሞ ተጫዋች ያስኮበልላል የሚል ፍርሃት ነበራቸው። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ ክለቦች ተጫዋቾችን በሥራና በጥቅም ይሳሳቡ ነበር። ነገር ግን የደረሱበት መደምደሚያ ሠራተኛውን ከጨዋታው የሚያስወጣ ነበር፤ በዚህ ላይ ሚዛናዊ ለመሆን አልሞክርም፤ ሰሜኖቹ ትክክል ነበሩ።

የብር ዋንጫውን የሠራው የብራድፎርዱ ፋቶሪኒና ልጆቹ ድርጅት ነው፤ ዋጋው 60 ፓውንድ። ይህን ከፍጻሜው የበር ገቢ ጋር ያስተያዩት፦ 13,492 ተመልካች፣ 624 ፓውንድ ከ17 ሽልንግ ከ7 ፔኒ። የዋንጫው ዋጋ ከአንድ ቀን ገቢ አንድ አሥረኛ አይሞላም። ገቢውን ለተመልካቹ ቢያካፍሉት ለእያንዳንዱ ሰው ከ11 ፔኒ ጥቂት ከፍ ይላል (ያኔ 12 ፔኒ 1 ሽልንግ ነበር)፤ ይህም ለተጫዋቹ ከተፈቀደው የቀን ካሳ አንድ ስድስተኛ ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር ለጨዋታ የመጣው ሰው ቀላል ያልሆነ ገንዘብ ከኪሱ አውጥቷል። ያው የብር ዋንጫ እስከ 2001 ድረስ ለአሸናፊዎች ሲሰጥ ቆይቶ በአምሳያው ተተካ። በ2001 የተቀበለው ሴንት ሄለንስ ነው።

የሻምፒዮንነቱ ጥያቄ አጭር መልስ አለው፦ አይችሉም። በ1896–97 አንድ አጠቃላይ ሻምፒዮን አልነበረም። የዮርክሻየሩን ሊግ ብሪግሀውስ ሬንጀርስ፣ የላንካሻየሩን ብሮተን ሬንጀርስ አሸነፉ፤ ባትሊ ዋንጫውን ወሰደ። ሦስት አሸናፊ ነው፤ ሦስቱንም በየስማቸው ይጻፉ። ሊጉንና ዋንጫውን በአንድ ዘመን የወሰደ የመጀመሪያው ክለብ ብሮተን ሬንጀርስ ነው፤ እሱም በ1901–02። ከዚያ በፊት በነበረው የ1895–96 አንድ ወጥ ሊግ ሻምፒዮኑ የብራድፎርዱ ማኒንግሀም ነበር። ይህ ክለብ በ1903 ራግቢውን ትቶ ወደ እግር ኳስ ተሻገረና ብራድፎርድ ሲቲ ሆነ፤ በ1911 የእንግሊዝን የእግር ኳስ ዋንጫ አነሣ። ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረበውን አዲሱን የእግር ኳስ ዋንጫ የሠራው ደግሞ ያው የብራድፎርዱ ፋቶሪኒ ነው። ለመጽሔት አንባቢ ደስ የሚል ታሪክ ስለሆነ ቦታ ካለዎት አያስቀሩት።

አሁን ወደ ወዳጅዎ። «ትንሽ ከተማ፣ አጋጣሚ» የሚለው አባባል ለባትሊ በደል ነው። ባትሊ ከሊድስ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ጥቂት ማይል ርቀት ላይ ያለች የሱፍ ከተማ ናት። ሥራዋ ያረጀ የሱፍ ጨርቅ ሰብስቦ፣ ፈትቶና አፍታትቶ፣ ዳግም ፈትሎ መሸመን ነበር። ሜዳዋ ማውንት ፕሌዘንት በተዳፋትነቱ የታወቀ ነው። ክለቡ ከመለያየቱ ዐሥር ዓመት በፊት፣ በ1885፣ የዮርክሻየርን ዋንጫ ወስዷል፤ ስለዚህ በ1897 ጥሎ ማለፍን የሚያውቅ ቡድን ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ዋሪንግተንን አሸነፈ፤ ሴንት ሄለንስ በበኩሉ ስዊንተንን ጥሎ አለፈ። ዮርክሻየር ከላንካሻየር፣ የሱፍ ከተማ ከመስታወትና ከድንጋይ ከሰል ከተማ ተፋጠጡ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1897፣ ሁለቱ ቡድኖች ሄዲንግሊ ሜዳ ሲገቡ ልዩነታቸው ከልብሳቸው ይታይ ነበር። የሴንት ሄለንስ ተጫዋቾች አንድ ወጥ ማሊያ አልነበራቸውም፤ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ለብሰው ነው የቀረቡት። የባትሊው ጆ ኦክላንድ በድሮፕ ጎል 4 ነጥብ አስቆጠረ። ቀጥሎ አምበሉ ጆን ጉዳል በትራይ ወደ 7 አደረሰው። ለሴንት ሄለንስ ትሬይነር ትራይ አግብቶ ልዩነቱን ወደ 4 አጠበበው፤ በዚያ ሕግ 4 ነጥብ ማለት አንድ ድሮፕ ጎል ነው፣ አቻ ለመሆን አንዲት የተሳካች ምት ትበቃ ነበር። ውጤቱን ከ10 ለ 3 ብቻ ያነበበ ሰው ጨዋታው እዚህ ደርሶ እንደነበር አይታየውም። የባትሊው መንስ ሁለተኛውን ትራይ ሲያገባ ነገሩ ተዘጋ። እዚህ ላይ ሚዛን ይጠብቁ፤ ሄዲንግሊ ገለልተኛ ሜዳ ቢባልም ለባትሊ ደጋፊ የቅርብ መንገድ ሲሆን የሴንት ሄለንስ ሰው ግን ተራራውን ተሻግሮ ነው የመጣው። ይህ ለባትሊ የጠቀመ ነገር ነው፤ አጋጣሚ ግን አይባልም።

አጋጣሚ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው ቀጣዩ ነው። በ1898 ባትሊ እዚያው ሄዲንግሊ ላይ ብራድፎርድን 7 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ደገመ፤ ተመልካቹ 27,941 ነበር፣ ከመጀመሪያው እጥፍ በላይ። በ1901 ዋሪንግተንን 6 ለ 0 ረታ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ዋንጫዎች ሦስቱ የባትሊ ናቸው፤ በሦስቱ ፍጻሜዎች በአጠቃላይ የተቆጠረበት 3 ነጥብ ብቻ፣ ያችው የትሬይነር ትራይ ናት። ይህ በመከላከል የታነጸ ቡድን ነው። ከ1901 ወዲህ ግን ባትሊ ወደዚህ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ አያውቅም። ተሸናፊው ሴንት ሄለንስ በኋላ ከታላላቆቹ አንዱ ሆነ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ዋንጫ ለማንሣት እስከ 1956 መጠበቅ ነበረበት። ዛሬ ባላቸው ስም ተነሥቶ የ1897ቱን ግጥሚያ «ትንሹ ትልቁን ጣለ» ብሎ መተረክ ታሪኩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማንበብ ነው።

ጽሑፍዎን ሲያዘጋጁ ሊያሰናክሉዎት የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ። በኢንተርኔት ሲፈልጉ «የ1895 ዋንጫ» የሚባል ያገኛሉ፤ በ2019 የተጀመረ፣ ከከፍተኛው ሊግ በታች ላሉ ክለቦች የተዘጋጀ አዲስ ውድድር ሲሆን ስሙን የወሰደው ከመለያየቱ ዓመት ነው። ባትሊ በ2023 ዌምብሊ ላይ የዚህን ዋንጫ ፍጻሜ በሃሊፋክስ 12 ለ 10 ተሸንፏል። ከጥንቱ ጋር ከቀላቀሉት ባትሊ በ1895 ተሸነፈ የሚል ፈጽሞ ያልነበረ ታሪክ ይወጣል። የዋንጫውን ስንተኛነት ደግሞ ዓመት ከዓመት በመቀነስ አያስሉ፤ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ምክንያት ከ1916 እስከ 1919፣ በሁለተኛው ምክንያት ደግሞ በ1940 አልተካሄደም።

የመጀመሪያ ዙሮችን ውጤት ለክለብ ጥንካሬ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብም አያዋጣም። በእጣ ታላቅ ክለብ ከሠፈር ቡድን ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ቁጥር ስለ ሁለቱም የሚነግረን ጥቂት ነው። በ1914 ሀደርስፊልድ ስዊንተን ፓርክ የተባለውን ቡድን 119 ለ 2 ያሸነፈው በዚሁ ዋንጫ ነው። የክለብን አቅም ለማሳየት ከግማሽ ፍጻሜ ወዲህ ያለውን ይጠቀሙ።

ለአማርኛ ጸሐፊ ብቻ የሚመጣ አንድ ወጥመድም አለ። ቀኑን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲቀይሩ የዛሬውን ልዩነት እንዳለ ወስደው ሚያዝያ 16 ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። የአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ስለዘለለ ከዚያ በፊት የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንሳል። የዓድዋ ድል ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ማርች 1 ላይ የሚውለው፣ ዛሬ ግን የካቲት 23 ማርች 2 የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የዋንጫው ፍጻሜ ሚያዝያ 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ነው።

የምሰጥዎት ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ውድድሩን በራሱ ዘመን ስም፣ በራሱ ዘመን የተጫዋች ቁጥርና በራሱ ዘመን ነጥብ ይጻፉ፤ ከውጤቱ አጠገብም ነጥቡ ከምን እንደተገኘ ሁልጊዜ ያስቀምጡ። ራግቢ ሊግ የሚለው ስም በኅብረቱ መጠሪያነት የተያዘው በ1922 ስለሆነ በርዕስዎ ላይ አንባቢ እንዲረዳዎ «የዛሬው ራግቢ ሊግ» ቢሉ አልቃወምም፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ግን ኖርዘርን ዩኒየን ይበሉ። ከ1897 በፊትና በኋላ የተቆጠሩ ነጥቦችን በአንድ ዓምድ አይደምሩ፤ ማነጻጸር ከፈለጉ የትራይና የግብ ብዛት ያነጻጽሩ። ሊድስ መኖርዎ ደግሞ ዕድል ነው፦ በከተማዎ ይታተሙ የነበሩትን የሊድስ መርኩሪንና የዮርክሻየር ፖስትን የኤፕሪል 1897 ዕትሞች በቤተ መጻሕፍት ጠይቀው የጨዋታውን ዘገባ ራስዎ ያንብቡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያድርጉ፤ የዚያ ዘመን ዘጋቢ የሚጽፈው ለከተማው አንባቢ ስለሆነ የተቻለ እንደሆነ አንድ የላንካሻየር ጋዜጣም ይጨምሩበት።

ለሠንጠረዥዎ የሚሆነው መስመር ይኸው፣ እንዳለ ይገልብጡት፦ «የኖርዘርን ዩኒየን ቻሌንጅ ካፕ፣ የ1896–97 የውድድር ዘመን፣ የመጀመሪያው። ፍጻሜ፦ ሄዲንግሊ፣ ሊድስ፣ ቅዳሜ ሚያዝያ 17 ቀን 1889 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኤፕሪል 24 ቀን 1897። ባትሊ 10፣ በሁለት ትራይና በአንድ ድሮፕ ጎል፤ ሴንት ሄለንስ 3፣ በአንድ ትራይ። 15 ለ 15፤ ትራይ 3፣ ድሮፕ ጎል 4 ነጥብ። ተመልካች 13,492።»